ድስቱን ማን ያያል?
በቬትናም ሆቴል ስለሚቀርብ የተወሰነ ምናሌ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አገር ጉዳይና ስለ ትምህርት ይዞታ መናገር ሲገባ፣ በሩቅ አገር ሆቴል ስለሚበላ ራት መናገር ምን ይሉታል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ስለ ቬትናም ጦርነት ያልሰማ በመካከላችን የለም። ስለ ቬትናም ገበታ የሰማ ግን ጥቂት ነው። አንድን ሕዝብ በጦርነቱ ብቻ ማወቅ፣ ሰውን በታመመበት ቀን ብቻ እንደ ማወቅ ነው።

ሁለተኛም ምክንያት አለኝ። ሌላው ሰው የሚበላውን መወሰን ቀላል ሥልጣን አይደለም። «የተወሰነ ምናሌ» ስል ሆቴሉ አስቀድሞ መርጦ፣ ቅደም ተከተሉን ደንግጎ፣ በቁርጥ ዋጋ የሚያቀርበውን ምግብ ማለቴ ነው። (ቁርጥ ያልሁት ዋጋውን ነው፤ ምራቃችሁን የዋጣችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።) ይህን ምናሌ ማን እንደ ወሰነው፣ ለማን እንደ ወሰነው፣ ከገበታውም ማን እንደ ቀረ ብንጠይቅ የአንዲት አገር ታሪክ ከሳህኑ ላይ ይነበባል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

፩. የሆቴሉ ገበታ

አንድ እንግዳ በሃኖይ ወይም በሆ ቺ ሚን ከተማ ከሚገኙት ትልልቅ ሆቴሎች በአንደኛው ራት ሊበላ ገባ እንበል። አሳላፊው ወንበር ይስብለታል፤ የምግብ ዝርዝር የተጻፈበት ካርድም ይሰጠዋል። በካርዱ ላይ አምስት ወይም ስድስት ምግቦች ተደርድረዋል፤ ከግርጌው ዋጋው ተጽፏል። ከዋጋው ጎን ብዙ ጊዜ ሁለት የመደመር ምልክቶች ይታያሉ። እነዚህ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ አንደኛው የአገልግሎት ክፍያ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ግብር ገና ይጨመራል ማለት ነው። ኪሱ የሳሳ ሰው ከምግቦቹ ስም በፊት እነዚህን ሁለት ምልክቶች ቢያነብ ይሻለዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጥቅልል ነው። ከሩዝ በተሠራ እንደ ወረቀት በሳሳ ቂጣ ውስጥ ሽሪምፕ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቀጫጭን የሩዝ ፓስታና ለምለም ቅጠላ ቅጠል ይጠቀለላል። በዘይት የሚጠበስም አለ፤ ሰሜኖቹ ኔም ይሉታል። ከጎኑ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ማጥቀሻ ይቀመጣል። ይህ ማጥቀሻ የቬትናም ምግብ ሁሉ ነፍስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሠረቱ ኑክ ማም የሚባለው የዓሣ ፈሳሽ ነው። ትንንሽ የባሕር ዓሣ ከጨው ጋር ተደባልቆ በትልቅ የእንጨት በርሜል ይታመቅና አንድ ዓመት ያህል ይቆያል፤ ከሥር እየተንጠባጠበ የሚወጣው ቀይ ዳማ ፈሳሽ ተጣርቶ ይሸጣል። በፉ ኩዎክ ደሴት የሚሠራው እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ፣ በ2012 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በሕግ ጠብቆለታል። በገበታ ላይ ሲቀርብ በውሃ ይቀጥንና ሎሚ፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣን የሚያስንቅ ቃሪያ ይገባበታል።

ከጥቅልሉ በኋላ ሾርባ ይከተላል። አንዳንድ ሆቴል ፎ የሚባለውን የሥጋ መረቅና የሩዝ ፓስታ በቡና ስኒ በምታህል ዕቃ ያቀርባል። ፎ ግን የሰሜን ቬትናም ሰው በማለዳ በትልቅ ሳህን ቀርቦለት እስኪያልበው የሚበላው ምግብ ነው። በስኒ ማቅረቡ ለእኛ ሰው ፍርፍር በማንኪያ ለክቶ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ቀጥሎ በሸክላ ድስት፣ በተቃጠለ ስኳርና በኑክ ማም ቀስ ብሎ የበሰለ ዓሣ ይመጣል። በውሃ ዳር የሚበቅል ጎመን መሰል ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ይቀርባል፤ ከእርሱም ጋር ነጭ ሩዝ። መጨረሻ ላይ ፍራፍሬ፣ ከዚያም ቡና።

ስለ ቡናው ከዚህ ላይ ጥቂት ልበል፤ ቡና ሲነሣ ዝም ማለት ለእኛ ነውር ነውና። ቡናን ወደ ቬትናም ያስገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ሚሲዮናውያን ናቸው። ዛሬ አገሪቱ በምርት ብዛት ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ነገር ግን የሚበዛው ምርቷ የእኛ ዓይነት አረቢካ ሳይሆን መራራውና ጠንካራው ሮቡስታ ነው። በጽዋው አፍ ላይ በተቀመጠ ትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የጣሳ ወተት ይጠብቀዋል። በሃኖይ ደግሞ በእንቁላል አስኳል የሚመታ ቡና አለ። እንደሚነገረው ይህን የፈጠረው በ1946 የሜትሮፖል ሆቴል መጠጥ ቀጂ የነበረው ንጉየን ቫን ዛንግ ነው፤ ወተት በጠፋበት ዘመን የወተቱን ቦታ በእንቁላል ሸፈነ። ችግር የወለደው ይህ ቡና ዛሬ የከተማይቱ መኩሪያ ሆኗል።

የእኛ ሰው በዚያ ገበታ ቢቀመጥ ሁለት ነገር ይወቅ። የአሳማ ሥጋ የማይበላ እንደ ሆነ ምናሌው ከመምጣቱ በፊት ይናገር፤ ሥጋው በጥቅልሉም በሾርባውም ውስጥ ሳይታይ ይገባልና። ጾም የሚጾም እንደ ሆነ ደግሞ ቻይ የሚባለውን ምናሌ ይጠይቅ። በቬትናም ብዙ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ጨረቃ በወጣችበትና ሙሉ በሆነችበት ቀን ከሥጋና ከዓሣ ስለሚቆጠቡ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። «አትክልት ብቻ» ያለ እንደ ሆነ ግን አትክልቱ በዓሣ ፈሳሽ ተጠብሶ ሊመጣለት ይችላል።

፪. የተወሰነ ምናሌ ምን ይጠቅማል?

አንዳንድ ሰዎች የተወሰነ ምናሌ የሰውን ምርጫ ይነጥቃል ይላሉ። በበኩሌ ነገሩን ከሁለት ወገን ማየት ይገባል እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ወጥ ቤቱን አስቡ። ሠላሳ ሰው አንድ ዓይነት ራት እንደሚበላ ያወቀ ወጥ ቤት በጠዋት ገበያ ወጥቶ የሚበቃውን ያህል ዓሣና ቅጠል ይገዛል። ሽንኩርቱ አንድ ጊዜ ይከተፋል፤ መረቁ አንድ ጊዜ ይጣዳል፤ የሚጣል ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ምግቡ ከዝርዝር እየተመረጠ ከሚታዘዘው በርካሽ ሊቀርብ ይችላል። በቬትናም ከተሞች የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በምሳ ሰዓት የሚበላው ርካሽ ምግብም በዚሁ ሥርዓት ይሠራል፤ ሩዝ፣ አንድ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ሾርባ።

ሁለተኛ፣ እንግዳው የማያውቀውን አገር ምግብ መምረጥ አይችልም። የቬትናም ባለሙያ ገበታን የሚሠራው በማመዛዘን ነው። ጨዋማ ዓሣ ካለ አጠገቡ ቀላል መረቅ ይኖራል፤ የተጠበሰ ካለ ጥሬ ቅጠል ይኖራል። እንደ ባህላቸው አቆጣጠር ቀዝቃዛ ተፈጥሮ አለው ከሚባለው ከዳክዬ ሥጋ ጋር፣ ሙቅ የሚባለው ዝንጅብል ይቀርባል። ከዝርዝሩ ላይ ደስ ያለውን ሁሉ የሚጠቁም እንግዳ ሦስት ጥብስ ባንድ ጊዜ አዝዞ ሆዱን ይዞ ያድራል። ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው እጅ መብላት ምርጫን ማጣት አይደለም፤ እምነት መጣል ነው።

ግን እምነቱ የሚጸናው ምናሌውን የወሰነው ሰው ለእንግዳው የሚሰጠውን እርሱም የሚበላው እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሆቴል እንግዳው እንዳይደነግጥ በማለት የሽሪምፕ ድልሁን ያስቀራል፤ አጥንቱን ያወጣል፤ በቅርጫት ሙሉ መቅረብ የሚገባውን ቅጠል ወደ ሁለት ዘለላ ያሳንሰዋል። ይህ ከሆነ እንግዳው የበላው የቬትናምን ምግብ አይደለም። የበላው ስለ ራሱ የተገመተለትን ነው።

፫. የቤቱ ገበታ

አሁን ከሆቴሉ ወጥተን ወደ ቤት እንግባ። በቬትናም ቤተሰብ ዘንድ ምግብ ተራ በተራ አይመጣም። ሁሉም ባንድ ጊዜ በሰፊ ክብ ትሪ ላይ ይቀርባል። በመካከሉ አንዲት የኑክ ማም ሳህን ትቀመጣለች፤ ሁሉም ከእርሷ ያጠቅሳል። የሩዙ ድስት ከአንድ ሰው አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ ከእናት ወይም ከትልቋ ልጅ ዘንድ ይሆናል፤ እርሷም ለሁሉ ትጨልፋለች። ትንንሾቹ ሳይበሉ በፊት አያትን፣ አባትን፣ እናትን በየተራ በስም ጠርተው «ሩዝ ይብሉ» ብለው ይጋብዛሉ። በቋንቋቸው «ሩዝ መብላት» ማለት ምግብ መብላት ማለት ነው። እንጀራን ለመተዳደሪያ ሁሉ ስም ላደረገ ሕዝብ ይህ አነጋገር ትርጓሜ አያሻውም።

ከዚህ ላይ አንድ ተረታቸውን ልጥቀስ። «ስትበላ ድስቱን ተመልከት፤ ስትቀመጥ አቅጣጫውን ተመልከት» ይላሉ። ትርጉሙ ግልጥ ነው። ጎድጓዳ ሳህንህን ለሁለተኛ ጊዜ ከመዘርጋትህ በፊት ለሌላው የሚተርፍ መኖሩን እይ፤ ከመቀመጥህም በፊት ቦታው የማን እንደ ሆነ እይ ማለት ነው። የቬትናም ልጅ የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ትምህርት የሚማረው በዚህ ነው።

የተወሰነ ምናሌን ፈረንሳዮች አመጡት ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። በሰሜን ቬትናም ለድግስና ለቴት፣ ይኸውም ለዘመን መለወጫ በዓላቸው፣ የሚሠራው ገበታ ከጥንት ጀምሮ የተወሰነ ነው። አራት ጎድጓዳ ሳህንና አራት ዝርግ ሳህን ይባላል፤ ቤቱ የደላው እንደ ሆነ ስድስት በስድስት፣ ወይም ስምንት በስምንት ይሆናል። በጎድጓዳው የቀርከሃ ቡቃያ ከአሳማ ሥጋ ጋርና ሌላውም ሾርባ፣ በዝርጉ የተቀቀለ ዶሮና በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለው የሩዝ ባኝ ቹንግ ይቀርባሉ። የሚቀርበውን ቤተሰቡ አልመረጠም፤ ልማድ መርጦለታል። ሆኖም በአንድ ትሪ ዙሪያ ብዙ ሰው ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም የጎረቤቱን እጅ ያያል።

እንግዲህ ልዩነቱ ከዚህ ላይ ነው። ሆቴሉ የለወጠው የምግቡን መወሰን አይደለም፤ የአበላሉን ኅብረት ነው። ገበታውን በየሳህኑ ከፋፈለ፤ ባንድ ጊዜ ይቀርብ የነበረውን በሰዓት ደለደለ፤ ድስቱንም ከበር ጀርባ ደበቀ። በሆቴል ጠረጴዛ የተቀመጠ ሰው ድስቱን ሊያይ ቢፈልግ እንኳ አይችልም።

፬. ከበሩ ጀርባ

ይህ እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመልከት ያስፈልጋል። በሃኖይ ሜትሮፖል ሆቴል የተከፈተው በ1901 በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ነው። ጠረጴዛው የገዥዎችና የሀብታሞች ነበረ፤ ወጥ ቤቱና የአሳላፊው ጓንት ግን የአገሩ ተወላጅ ነበር።

በ1911 አንድ ወጣት ከሳይጎን ወደብ በፈረንሳይ መርከብ ላይ የወጥ ቤት ረዳት ሆኖ ከአገሩ ወጣ። ለንደን ውስጥ ካርልተን የሚባል ታላቅ ሆቴል በነበረበት ስፍራ፣ ይህ ሰው በ1913 በዚያ ሆቴል መሥራቱን የሚያስታውስ ጽላት ዛሬ ተለጥፎ ይገኛል። ያ ወጣት በ1945 የቬትናምን ነጻነት ያወጀው ሆ ቺ ሚን ነው። ሰው የሚበላውን ከመወሰኑ በፊት ሌላው የበላበትን ሳህን ያጠበ መሪ ብዙ አይገኝም።

ነጻነቱ የታወጀበት ያው ዓመት በሰሜኑ ክፍል ታላቅ ረኀብ የወደቀበት ነው። የሞተው ሕዝብ ብዛት ከብዙ መቶ ሺህ አንሥቶ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይገመታል። ጃፓኖችና ፈረንሳዮች ሩዙን ለራሳቸው ሲሰበስቡ፣ ከአራሹ እርሻ ላይም ለጦርነት የሚፈለግ ጁት ሲያስዘሩ፣ የአየር ጠባዩም ሲከፋ፣ ድስቱን የሚያይ ጠፋ።

ከ1954 በኋላ ሜትሮፖል በመንግሥት እጅ ገብቶ ቶንግ ኛት ተባለ፤ አንድነት ማለት ነው። በጦርነቱ ዘመን በግቢው ሥር የቦምብ መሸሸጊያ ተሠራለት፤ ተረስቶ ኖሮ በ2011 ተቆፍሮ ተገኘ። ሕዝቡም በዚያ ዘመን የራሱ የሆነ የተወሰነ ምናሌ ነበረው፤ እርሱም የራሽን ካርድ ነው። ሩዙ፣ ሥጋው፣ ስኳሩ በኩፖን ይለካል፤ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ይሰለፋል። ሩዝ ሲያንስ በሌላ እህልና በካሳቫ ይደባለቃል። በመንግሥት ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለበት ፎ ይሸጥ ስለ ነበር፣ የሃኖይ ሰው «አብራሪ የሌለው ፎ» የሚል ስም አወጣለት። አሜሪካኖች ሰው አልባ የስለላ አውሮፕላን በሰማያቸው ላይ ያበሩ ነበርና ከዚያ የተወሰደ ቀልድ ነው። በባዶ መረቅ ላይ መሣቅ የቻለ ሕዝብ ተስፋው እንዳልተቆረጠ እዩ።

በ1986 የአገሪቱ ገዥ ፓርቲ ዶይ ሞይ የተባለውን የኢኮኖሚ ለውጥ አወጀ። ገበሬው ያመረተውን ለመሸጥ ተፈቀደለት። ቀድሞ ሩዝ ከውጭ ታስገባ የነበረችው አገር በ1989 በብዛት ወደ ውጭ መላክ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ከታወቁት ሩዝ ላኪዎች አንዷ ሆናለች። ሜትሮፖልም ታድሶ በ1992 በቀድሞ ስሙ ተከፈተ። ዛሬ በዚያ ሆቴልና በመሰሎቹ ገበታ የቬትናም ምግብ ከፈረንሳዩ እኩል በክብር ይቀርባል። ይህ እውነተኛ ድል ነው፤ አገሬው የራሱን ምግብ ለማቅረብ ከማፈር ወጥቷል።

፭. ማን ከማን ጋር ተቀመጠ?

በሁዌ ከተማ ደግሞ አንዳንድ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች «የንጉሥ ራት» የሚባል የተወሰነ ምናሌ አላቸው። እንግዳው የሐር ልብስ ለብሶ፣ ዘውድ ደፍቶ፣ ሙዚቃ እየተመታለት ይበላል። ከ1802 እስከ 1945 የገዙት የንጉየን ነገሥታት በዚያች ከተማ ይኖሩ ነበር። በቤተ መንግሥቱ ልማድ ንጉሡ የሚበላው ብቻውን ነበር። ለየሰው በየሳህኑ የመብላት ነገር እንግዲህ በቬትናም ለንጉሥ ብቻ የተተወ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ለአንድ ሌሊት ይነግሥበታል።

ስለ መቀመጥ ሁለት ምሳሌ ልስጥና ላብቃ። በግንቦት 2016 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ሃኖይ ሄደው ሳለ፣ ከታዋቂው የምግብ ባለሙያ ከአንቶኒ ቦርዴን ጋር በአንድ ተራ ምግብ ቤት በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡን ቻ የሚባለውን የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ በሩዝ ፓስታ በሉ። የሁለቱ ሂሳብ 6 ዶላር ነበር። የተቀመጡበትን ጠረጴዛ ባለቤቶቹ በመስታወት ከልለው አኑረውታል።

በየካቲት 2019 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕና ኪም ጆንግ ኡን በዚያው በሜትሮፖል ሆቴል ተገናኙ። በ27 አብረው ራት በሉ። በ28 የምሳው ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ምናሌው ተወሰነ፤ ሹካና ቢላዋው ተሰለፈ። ነገር ግን ንግግሩ ሳይሳካ ቀረና ሁለቱም ምሳውን ሳይበሉ ከሆቴሉ ወጡ። እንግዲህ ምናሌን መወሰን ይቻላል፤ ኅብረትን ግን ማንም ወጥ ቤት አዘጋጅቶ አያቀርበውም።

ወንድሞችና እኅቶች፤

በትምህርት ወይም በስብሰባ ምክንያት ወደዚያ አገር የምትሄዱ ብትኖሩ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ብዙ ሆቴል ለአራት ወይም ለስድስት ሰው የሚሆን ምናሌ ስላለው፣ ለየብቻ ከማዘዝ እርሱን ጠይቁ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ በመካከል ይቅረብልን በሉ። ሁለተኛ፣ አሳላፊውን «እናንተ ቤታችሁ ይህን እንዴት ትበሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያስቀሩት ቅጠልና ድልህ ያን ጊዜ ይመጣል። ሦስተኛ፣ አብሯችሁ የተቀመጠውን ታላቅ ሰው ሳትጋብዙ አትጀምሩ።

ወደዚያ የማትሄዱትም ብትሆኑ ተረቱን ይዛችሁ ሂዱ። የተማረ ሰው ዕድሉ፣ አደጋውም፣ ለየብቻው በተዘረጋ ሳህን መብላቱ ነው። ደመወዙ፣ ቤቱ፣ ማዕረጉ በቅደም ተከተል ይቀርብለታል፤ ማን እንዳበሰለው፣ ከበሩ ጀርባ ምን እንደ ቀረ አያይም። ከእርሱ የሚፈለገው ሳህኑን እንዲወረውር አይደለም። ማንኪያውን ከማንሣቱ በፊት ተነሥቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ድስቱን ይመልከት።